መኪናዬ ካርድ አልነበራትም

ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ።

የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። በሆስፒታል ካርድ ክፍል 29 ዓመት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ካርዱ የጠፋበት በሽተኛ ምን እንደሚገጥመው በዚያች ጠባብ መስኮት በኩል ስመለከት ኖሬአለሁ። ሐኪሙ «ባለፈው ምን መድኃኒት ወሰድክ?» ሲለው «ነጭ ኪኒን» ብሎ ይመልሳል። ነጭ ያልሆነ ኪኒን ስንት ነው? እንዲህ ያለው ሰው ምርመራውን ሁሉ እንደገና ከሀ ይጀምራል። የዛሬው ደብዳቤዬ ስለ መኪና ጥገና ነው፤ ጽፌ ሳነበው ግን ከዚያች መስኮት ብዙም እንዳልራቅሁ ታዝቤአለሁ።

መኪናዬ ሁላችንም ዲኤክስ የምንላት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሊብሬዋ በ1981 እ.ኤ.አ. የተሠራች ይላታል። ሞተሯ 4ኬ የሚባለው፣ 1,290 ሲሲ፣ ባለ ካርቡራተር ነው፤ ብሎኩ ብረት፣ ከላዩ የሚገጠመው የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለባትም። ስለዚህ የሚገባው ሰው ሁሉ ኮፈኗን ከፍቶ ይጠግናታል፤ የማይገባውም እንዲሁ። የገዛኋት በ1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሻጩ «አንድ ሐኪም ከቤት ወደ ሥራ ብቻ የነዳት ናት» ብሎኝ ነበር። ይህችን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ጽዮን ማግስት ጠዋት ነው። ባቄላ የሚያቃጥለው የአገራችን ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ሳለ፣ ከመኪናዋ ሥር አንዲት እርጥብ ቦታ አየሁ። በሰፈራችን የሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ አለ፤ ጠራሁት። ተንበርክኮ በጣቱ ነካ፣ አሸተተ፣ ቀና አለና «ጋሼ፣ የውሃ ፖምፓ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይነዷታል» አለኝ። ለዕቃውም ለእጁም 6,000 ብር መደብሁ። ያ «ከሰዓት በኋላ» ሚያዝያ ላይ ደረሰ። ስድስት ሺሁም 142,000 ሆነ።

ልጁ አልዋሸኝም። የተበላሸው በእርግጥ ፖምፓው ነበር።

የውሃ ፖምፓ ከሆዱ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ውስጥ ያለው ውሃ ከልካይ ሲያረጅ፣ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ሳይደርስ በዚያች ቀዳዳ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ባለቤቱ አይቶ እንዲያውቅ ነው፤ እንደ በሽተኛ ሳል ማለት ነው። ልጁ የእኔን ፖምፓ ፈትቶ ሲገለብጠው ቀዳዳዋ በብረት ሙጫ ተደፍናለች። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ «ታንጠባጥባለች» ሲባል ሳሏን አፍኖላት ሄደ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ኩሽኔታው ገብቶ ቅባቱን አጥቦ ጨረሰውና፣ በመጨረሻ በማይገባው በኩል መንገድ አበጀ። ልጁ ፖምፓውን በእጁ ሲያዞረው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ያጉረመርም ነበር።

«ከተፈታ አይቀር» አለና የቴርሞስታቱን ቤት ከፈተ። «ከተፈታ አይቀር» የሚለውን ሐረግ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት፤ በአምስት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ቤቱ ባዶ ነው። ቴርሞስታት የለም።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ ከ82 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ የሚከፈት ትንሽ በር ነው። በአገራችን መኪና ሞቀ ሲባል ይህን በር ነቅሎ መጣል እንደ መድኃኒት ተቆጥሯል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ውስጥ የሚነዳ ሰው ጉዳቱ ቶሎ ላይታየው ይችላል። ደብረ ብርሃን ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በታኅሣሥ ጠዋት በሩ የተነቀለ ሞተር ብርድ እንደመታው ሰው ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ከአሥር ዓመት በላይ መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ስታስነጥስ፣ ቤንዚን ስትጠጣ፣ ካንዴላዋ ጥላሸት ሲለብስ ኖሯል። ካንዴላ ቀየርሁ። ካርቡራተር አሳጠብሁ። ቦቢና ገዛሁ። አንድ ሰሞንማ ጥፋቱን በቤንዚኑ ላይ ጥዬ ማደያ ቀይሬ ነበር። ከሄድሁባቸው ጋራዦች አንዱም «ቴርሞስታት የላትም» አላለኝም። እንዴትስ ይበሉኝ? የነቀለው አልጻፈም፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው አልከፈተም። በአንድ መስመር ጽሑፍ የሚያልቅ ነገር ይህን ያህል ዓመት አስከፈለኝ። ብዕር ያስነሣኝ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያ ባዶ ጎድጓዳ ነው።

ይቺው በሜዳ የምትበርድ መኪና በዳገት ትፈላ ነበር። የዚያንም ምክንያት አገኘነው፤ የራዲያተሩ ክዳን። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ እኛ ዘንድ በ91 አካባቢ ይፈላል። የደጋ ሰው ንፍሮ ሲቀቅል ቀኑ የሚመሽበት ለዚህ ነው። ደህና ክዳን ውሃውን በግፊት ዘግቶ ስለሚይዘው ከዚያ በላይ ሙቀት ሳይፈላ ይችላል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ግን ራዲያተሩን ክፍት ድስት ያደርገዋል። የእኔው ላስቲክ በጥፍር ሲነካ እንደ ብስኩት ፈረሰ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከፈለፈሉት ዋሻ ሳልደርስ እየቆምሁ ውሃ የምጨምረው፣ እንጨት የጫኑ አህዮችም የሚያልፉኝ ለምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን የምጥለው በዳገቱ ላይ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን ባጭሩ ልለፈው፤ ባስታወስሁት ቁጥር ይተናነቀኛል። ከፖምፓው ብሎኖች አንዱ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። እሱን ለማውጣት ራዲያተሩ ተነሣ፤ ሲነሣ ክንፎቹ እንደ ደረቀ ቅጠል ረገፉ። ራዲያተሩ የተቀመጠበት ላሜራ ከሥሩ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። የባትሪው መቀመጫ በአሲድ ተበልቶ በቀዳዳው የግቢያችን ኮብልስቶን ይታያል። የቤንዚኑን ቱቦ ያሰረው የመጋዘን ጆንያ የሚሰፋበት ሲባጎ ነው።

ሽቦው ግን ባጭሩ አይታለፍም። ከባትሪው አጠገብ ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ ቀድሞ ቀልጦ መኪናዋን ከእሳት የሚያድን ሽቦ መኖር ነበረበት። በእሱ ቦታ ተራ የመዳብ ሽቦ ተጠምዝዟል። ከፊውዞቹ አንዱ በሲጋራ ፓኬት ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሏል። ለሙቀት ጠቋሚው መረጃ የሚያመጣው ሽቦ ደግሞ ተቆርጦ ጫፉ በፕላስቲክ ከረጢት ተቋጥሯል፤ ጠቋሚዋ ሁልጊዜ ከታች ተኝታ የምትታየው ተረጋግታ መስሎኝ ነበር። የፊት መብራት፣ ጥሩምባና ሞተሪኖ የሚያገኙት ኤሌክትሪክ በአንድ ቋጠሮ ላይ ተንጠልጥሏል። በዚህች መኪና ልጆቼን ትምህርት ቤት አመላልሻለሁ። ለዓመታዊ ምርመራ በሄድሁ ቁጥር ፍሬንና መብራት ታይቶልኝ ቦሎ ይለጠፍልኛል፤ የቋጠሮው ነገር የማንም ጥያቄ አይደለም።

ያን ምሽት ልጁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ምርጫ አቀረበልኝ። ፖምፓውን ገጥሞ የሚታየውን ለጊዜው አስሮ መስጠት አለ፤ ወይም ሞተሩን አውጥቶ የኮፈኑን ሥር ሁሉ እስከ ላሜራው ማጽዳት። ባለቤቴ ቡና እያቀረበች ትሰማ ነበር። «ለጊዜው የተባለው ነው እዚህ ያደረሳት» አለች። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። በኋላ ገንዘቡ ሲበዛ ይህን መናገሯን አላስታውስም ብላለች።

ሞተሩን ያወጣነው በሦስት የባሕር ዛፍ ምሰሶና በተከራየነው የሰንሰለት ማንሻ ነው። በዚህ ጊዜ የእኔ ሙያ ሥራ ላይ ዋለ። ልጁ ብሎኖቹን ሁሉ በአንድ የዘይት ጣሳ ውስጥ ሊከት ሲል እጁን ያዝሁት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ካርድ የደረደረ ሰው እንዲህ ያለውን አይችልም። ኪኒን የሚታደልባቸው ትንንሽ የወረቀት ከረጢቶች ገዛሁ፤ እያንዳንዱ ብሎን፣ እያንዳንዱ ዳዶ ከየት እንደወጣ እየጻፍሁ ቁጥር ሰጠሁት። 214 ከረጢት ሆነ። የካንዴላ ገመዶቹን ሲሊንደሮቹ ቤንዚን በሚያቃጥሉበት ተራ፣ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት እያልሁ በክር ቀለም ለየኋቸው። ልጁ መጀመሪያ ይስቅብኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሌላ መኪና ሲሠራ ከከረጢቶቼ መበደር ጀመረ።

ብረቱን በነጭ ጋዝና በብሩሽ ያጠብሁት እኔ ነኝ። የባትሪውን አካባቢ አሲዱ እንዲሞት በቤኪንግ ሶዳና በውሃ አሸሁት፤ ሲንቸፈቸፍ ማየት ያስደስታል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ማንሣት ያዝሁ። ላይኛው ነጭ ነው፤ እኔ የማውቃት በእሱ ነው። ነጩ ሲነሣ በማዕዘኖቹና ከፍሬን ዘይት ዕቃው ጀርባ ሰማያዊ ወጣ። ያ የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሰማያዊ ለማንም ሰው አይጠፋውም። ከሰማያዊው ሥር ከፋብሪካ የወጣችበት ክሬም ቀለም አለ። ሐኪም ከቤት ወደ ሥራ ብቻ የነዳት መኪና ማለት ይቺ ናት! ብርጭቆ ወረቀቱን ጥዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታመላልስ የኖረች መሆኗን አውቄ ቢሆን ኖሮ የሚገባትን ዘይት በጊዜው እቀይርላት ነበር፤ ዋጋዋንም ዝቅ አድርጌ እገዛት ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም።

በሌላው ላይ ይህን ያህል ከጮኽሁ የራሴንም መናገር አለብኝ። ወደ ሹፌሩ ክፍል ሙቀት የሚወስደው ቱቦ ላይ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ የተጠመጠመ የጨርቅ ቁራጭ አገኘን። ልጁ ቆርጦ ሊጥለው ሲል አየሁት። የጋቢ ጥለት ነው። የእኔ ጋቢ ጥለት። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ቱቦው ሲሰነጠቅ እኔው ራሴ አስሬው «እስከ ቅዳሜ» ብዬ ነበር። ቅዳሜው የትኛው እንደነበረ እግዚአብሔር ይወቀው። የቧንቧ ውሃ ብቻ እየሞላሁ የኖርሁትም እኔ ነኝ። አሉሚኒየምና ብረት አንድ ላይ በሆኑበት ሞተር ውስጥ ያለ መድኃኒት የሚዞር ተራ ውሃ ቴስታታውን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ውርጭ በጣለበት ሌሊት ከቀዘቀዘ ደግሞ በረዶው አብጦ ብሎክ ይሰነጥቃል። ብሎኩን እግዚአብሔር ጠበቀልኝ። ቴስታታው ግን የውሃ መተላለፊያዎቹ ዳር ዳራቸው ተበልቶ ነበር።

ስለዚህ ቴስታታውን በጆንያ ጠቅልዬ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወሰድሁት። የተበላው ተበይዶ ፊቱ ተላጨ፤ ሦስት ቀን ፈጀ። ያን ጊዜ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሱማሌ ተራ እየዞርሁ ክዳን፣ ቴርሞስታት፣ ጓርኒሲዮንና ቱቦዎች ገዛሁ። «ኦርጅናል ነው» የማይባል ዕቃ በሱማሌ ተራ የለም፤ የምትቀይረውን አሮጌ ዕቃ በኪስህ ይዘህ ካልሄድህ ግን ኦርጅናሉም አይገጥምም። እኔ የያዝሁት በቁጥር ከረጢት ስለነበር አንድ ነጋዴ «አባባ፣ ፋርማሲ ነው የመጡት?» አለኝ።

መግጠሙ ከመፍታቱ ፈጠነ። የቴስታታው ብሎኖች ከመሐል ወደ ዳር ተራ በተራ ጠበቁ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የቫልቮላው ክፍተት ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተስተካከለ። ሽቦው በሙሉ አዲስ ሆነ፤ ሊቀልጥ የሚገባውም ሽቦ በቦታው ገባ። ላሜራው ተቆርጦ ተበየደ፣ ፀረ ዝገት ተቀባ፣ በላዩ ክሬሙ ቀለም ሄደ። ከውጭ አሁንም ያችው ነጭ ናት፤ በሯ ላይ ያለው ጭረትም አለ። ኮፈኑ ሲከፈት ብቻ ነው የምታምረው። ይህን እብደት የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ። ቀለሙን በተመለከተ እውነት ሊኖራቸው ይችላል፤ ነገር ግን በንጹሕ ላሜራ ላይ የወደቀች አንዲት ጠብታ ወዲያው ትታያለች፣ በጥቁር ጭቃ ላይ ግን ዓመት ትደበቃለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጋራዦች ለሚጠግኑት መኪና ሁሉ ካርድ ይክፈቱ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ለአዳዲስ መኪኖች ያደርጉት ይሆናል፤ እኔ የምናገረው በየሰፈሩ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ስለሚሠሩት፣ የአብዛኛዎቻችንን መኪና ስለያዙት ነው። ካርዱ ከባለቤቱ ጋር ሳይሆን ከመኪናዋ ጋር ይኑር፤ ስትሸጥ አብሯት ይሂድ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተፈታው፣ የተቀየረው፣ የሠራው ሰው ፊርማ። አንድ ተጨማሪ ዓምድ ደግሞ ያስፈልጋል፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፤ «ለጊዜው የተደረገ» የሚል። ለጊዜው ማሰር ኃጢአት አይደለም፤ ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ ቱቦ የፈነዳበት ሰው በጋቢውም ቢሆን ማሰር አለበት። ያሰረውን ካልጻፈው ግን በሚቀጥለው ሳምንት እሱ ራሱ ይረሳዋል። እኔ ረስቻለሁ።

ሐሳቡን ለልጁ ስነግረው ወዲያው ያነሣው ግብሩን ነው። «ጋሼ፣ የሠራሁትን ሁሉ ከጻፍሁ ግብር ሰብሳቢው እሱን ይዞ ይመጣብኛል።» እውነቱን ነው፤ ፍርሃቱን አልናቅሁበትም። ስለዚህ ካርዱን ስንሠራ የዋጋ ዓምድ አላደረግንበትም። የበሽተኛ ካርድ ላይስ ማን ዋጋ ይጽፋል? ሁለተኛው ተቃውሞ ጊዜ የለም የሚለው ነው። አንድ መስመር ለመጻፍ የሚፈጀውን በሰዓት ለክቼዋለሁ፤ እጅ መታጠቡን ጨምሮ አራት ደቂቃ ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚሄደው በእጅ መታጠቡ ነው።

ጉዳዩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጋዜጣ ቦታ አልሻማም ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ አደረገ። ውሳኔውን ለመንቀፍ አይደለም የማነሣው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የማንችል ሰዎች ያሉንን ዲኤክሶች ገና ብዙ ዓመት እንነዳቸዋለን፤ ከእጅ ወደ እጅም ይተላለፋሉ። እያንዳንዱ ገዢ ደግሞ «ሐኪም የነዳት ናት» እየተባለ ከሀ ይጀምራል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለሠልጣኞቻቸው ካቻቢቴ ሲያስይዙ እርሳስም ቢያስይዟቸው ምን ይጎዳል?

በፋሲካ ማግስት እኅቴን ልጠይቅ ደብረ ሲና ወርጄ፣ ከዚያም ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘለቅሁ። በ1,300 ሜትር አካባቢ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ስመለስ ፓፓያና ማንጎ ጭኜ፣ ባለቤቴን አጠገቤ አድርጌ ዳገቱን ያዝሁት። ጠቋሚዋ አሁን ሽቦዋ ስለተቀጠለ ትናገራለች፤ እስከ መሐል ወጥታ እዚያው ቆመች። ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ከልማድ የተነሣ ዳር ይዤ አቆምሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነች?» አለች። «ምንም አልሆነችም» አልሁና ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት፤ ደረቅ ነው። በካርዱ ላይ «ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር፣ ውሃ አልተጨመረም» ብዬ ጻፍሁ፣ ፈረምሁም። አህዮቹ በዚህም ጊዜ አለፉኝ፤ የቆምሁት ግን በፈቃዴ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የካርዱን ቅጂ አያይዣለሁ። የሚወደው ጋራዥ ካለ እንደወደደ ያባዛው፤ ክፍያ የለውም። በቦታ ጥበት ምክንያት ደብዳቤዬን ማሳጠር ቢያስፈልግ የጎረቤቶቼን ነገር አውጡት፤ የቴርሞስታቱን ግን እንዳትነኩብኝ አደራ። ለማተም የማይመች ከሆነም ወረቀቱን መመለስ አያስፈልግም፤ ሁለተኛ ቅጂ ፋይል አድርጌአለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የካርድ ክፍል ጡረተኛ፣ ከደብረ ብርሃን
(ስሜንና አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ አስታውቄአለሁ)